የፕላዝማ እፍግታ ከመሀል እስከ ግድግዳ፦ በላንግሙይር ፕሮብ የመለኪያ ዝርዝር መመሪያ

በዝቅተኛ ግፊት የሚበራ ፕላዝማ (በከፊል ወደ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች የተከፋፈለ ጋዝ) ለዓይን ወጥ ብርሃን ይመስላል። ነገር ግን አዮኖች በየቦታው እየተፈጠሩ የሚጠፉት በአብዛኛው ግድግዳው ላይ ስለሆነ፣ ከመሀል ወደ ዳር በተሄደ ቁጥር እፍግታው ይቀንሳል። ግማሽ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ቻምበር ውስጥ፣ በ1 ፓስካል አርጎን፣ ግድግዳው አጠገብ የሚቀረው እፍግታ ከመሀሉ 15 በመቶ ገደማ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ቁልቁለት በላንግሙይር ፕሮብ፣ ማለትም ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ በተለያየ ቮልቴጅ ከረንት በሚሰበስብ ቀጭን ሽቦ፣ በሚሊሜትር ደረጃ እንዴት እንደምትለኩ ያሳያል። እፍግታ የምንለው በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። የፕሮፋይሉ (እፍግታው ከመሀል እስከ ግድግዳ የሚለወጥበት መስመር) መልክ እና የፕሮፋይሉ መጠን ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው። የሽቦውን ርዝመት በ10 በመቶ ብትሳሳቱ ሁሉም ነጥቦች በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፤ መልኩ ግን አይነካም። ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ስሕተት ግን የሌለ ቁልቁለት ይፈጥራል፣ ያለውንም ይደብቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መጠየቅ ያለበት «ይህ ስሕተት መሀልና ዳር ላይ እኩል ነው ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ የተበላሹ ፕሮፋይሎች የሚበላሹት ይህ ጥያቄ ባለመጠየቁ ነው።

ለስሌቱ እንዲመች አንድ የተወሰነ ሁኔታ እንያዝ፦ ግማሽ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ከብረት የተሠራ ሲሊንደር ቻምበር፣ አርጎን በ1 ፓስካል፣ ማግኔቲክ ፊልድ የሌለው የዲሲ ፕላዝማ፣ የኤሌክትሮን ሙቀት 3 ኤሌክትሮን ቮልት፣ መሀል ላይ ያለው እፍግታ በሜትር ኩብ 10¹⁶። የእናንተ ፕላዝማ ከዚህ የራቀ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ጥንቃቄ፦ ፕላዝማውን የሚያበራው ፓወር ሰፕላይ መቶዎች ቮልት ይሰጣል፤ ፕላዝማው ውስጥ የገባ ሽቦም ያንን ቮልቴጅ ወደ እጃችሁ ሊያመጣው ይችላል። ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ሰፕላዩን አጥፉ፣ ቻምበሩ ከግራውንድ ጋር በወፍራም ገመድ መያያዙን አረጋግጡ፣ የፕሮቡንም ገመድ ከግራውንድ ጋር አነካኩ።

ፕሮቡን መሥራት

የሚያስፈልጋችሁ ዲያሜትሩ 0.25 ሚሊሜትር የሆነ የተንግስተን ሽቦ፣ ሁለት የአሉሚና ሴራሚክ ቱቦዎች (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ)፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ዘንግ፣ እና ዘንጉ ቫኪዩም ሳያፈስ የሚንሸራተትበት ባለ ሁለት ጎማ ቀለበት ማሸጊያ ነው። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ክፍተት በትንሽ ፓምፕ ቢሳብ ይመረጣል፤ ዘንጉ በሚንቀሳቀስበት ቅጽበት የሚገባው አየር በእጅጉ ይቀንሳል።

ከሴራሚኩ የሚወጣው ባዶ ሽቦ 5 ሚሊሜትር ይሁን። ይህ ሽቦ ከዘንጉ ጋር በአንድ መስመር ከቀጠለ በ5 ሚሊሜትር ውስጥ ያለውን እፍግታ ሁሉ በአንድ ላይ ይደምራል፤ ቁልቁለቱ በሚከብድበት ዳር አካባቢ ደግሞ በትክክል የምትፈልጉት ያንን ዝርዝር ነው። መፍትሔው ጫፉን በ90 ዲግሪ አጥፎ ሽቦው ከቻምበሩ ቁመት ጋር ትይዩ እንዲሆን ማድረግ ነው። እፍግታው በቁመት አቅጣጫ ብዙም ስለማይለወጥ፣ ሽቦው በሙሉ ከመሀል እኩል ርቀት ላይ ይሆናል። ተንግስተን ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ነውና በጋዝ ችቦ ቀይ እስኪሆን አሙቃችሁ እጠፉት።

አሁን ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ልኬት የሚያበላሽ ነገር፦ የሴራሚኩ አፍ። ፕላዝማው ከኤሌክትሮዱና ከግድግዳው ብረት እየቦጨቀ በየቦታው ይለብዳል። ሴራሚኩ ላይ የተለበደው ስስ ብረት ከሽቦው ጋር ከተነካካ ሽፋኑ ራሱ ፕሮብ ይሆናል፤ የሚሰበስበው ስፋት በየሰዓቱ ያድጋል፣ እፍግታውም የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ ሽቦው በጠባቡ ቱቦ ይያዝ፤ ጠባቡ ቱቦ ከሰፊው አፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይበል። ሽቦው ከሰፊው ቱቦ የሚወጣው ጠርዙን ሳይነካ በመሀል ይሁን። በዚያ ጥላ ውስጥ ብረት ስለማይለበድ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በማጉያ መነጽር ዙሪያውን ተመልከቱት፤ በአንድ በኩል እንኳ ከነካ እንደገና ሥሩት።

የስፋቱ ስሌት፦ 3.14 × 0.25 ሚሊሜትር × 5 ሚሊሜትር፣ ጫፉ ሲጨመርበት 3.98 ካሬ ሚሊሜትር፤ ማለትም 3.98 × 10⁻⁶ ካሬ ሜትር። ይህን ቁጥር ያዙት።

ከፕላዝማው ጋር የሚገናኘው የሴራሚክ ክፍል በተቻለ መጠን ቀጭን ይሁን፤ 2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ርዝመት። ወፍራሙ የብረት ዘንግ መሀል ድረስ ከገባ አዮኖች የሚጠፉበት ተጨማሪ ግድግዳ ሆኖ እፍግታውን ይቀንሳል። ይህ ጉዳት ዘንጉ በጥልቀት በገባ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ከቦታ ጋር ከሚለዋወጡት አደገኛ ስሕተቶች አንዱ ነው።

ሰርኪዩቱ

ቮልቴጁን ከ −70 እስከ +30 ቮልት መጥረግ (ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለማቋረጥ መለወጥ) የሚችል፣ ከግራውንድ ጋር ያልተያያዘ ሰፕላይ ያስፈልጋል። አንዱ ጫፉ ወደ ፕሮቡ፣ ሌላው በመለኪያ ሬዚስተር በኩል ወደ ቻምበሩ ግራውንድ ይሄዳል። ኦሲሎስኮፑ የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ከግራውንድ አንጻር ያነባል።

ሬዚስተሩ አንድ ብቻ ከሆነ ያስቸግራል። በያዝነው ሁኔታ ፕሮቡ 50 ቮልት ያህል ኔጋቲቭ ሲሆን የሚሰበስበው የአዮን ከረንት 31 ማይክሮአምፔር ነው፤ የኤሌክትሮኑ ከረንት ግን 1.85 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ልዩነቱ 60 እጥፍ ነው። ለአዮኑ ክፍል 10 ኪሎኦም (0.31 ቮልት ይነበባል)፣ ለኤሌክትሮኑ ክፍል 100 ኦም (0.185 ቮልት ይነበባል) አድርጋችሁ በማብሪያ ማጥፊያ ቀያይሩ። በ10 ኪሎኦም ላይ ሆናችሁ ወደ ፖዘቲቭ ብትጠርጉ ሬዚስተሩ ብቻውን 18 ቮልት ይበላል፤ የከረንቱና የቮልቴጁ ግራፍም ተጎትቶ የኤሌክትሮኑ ሙቀት በሐሰት ከፍ ይላል። በ100 ኦምም ቢሆን የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ከሰፕላዩ ቮልቴጅ መቀነስን ልማድ አድርጉት።

የገመዱን ነገር በቅርበት እንየው። ኮአክሲያል ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው፤ 3 ሜትር ገመድ 300 ፒኮፋራድ ነው። 100 ቮልቱን በ10 ሚሊሰከንድ ብትጠርጉ ገመዱን ለመሙላት ብቻ 3 ማይክሮአምፔር ይፈስሳል። መሀል ላይ ካለው 31 ማይክሮአምፔር ጋር ሲነጻጸር 10 በመቶ ነውና ያልፋል ትሉ ይሆናል። ግድግዳው አጠገብ ግን የአዮኑ ከረንት 4.7 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው፤ ያው 3 ማይክሮአምፔር እዚያ 64 በመቶ ስሕተት ሆነ። አንድ ዓይነት ጭማሪ መሀሉን ሳይነካ ዳሩን አሳበጠ። ጥረጋውን በ1 ሰከንድ አድርጉት፤ የገመዱ ከረንት ወደ 0.03 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። ለማረጋገጥ ወደ ላይና ወደ ታች ጥረጉ፤ ሁለቱ መስመሮች ካልተደራረቡ ወይ ጥረጋው ፈጥኗል፣ ወይ የሽቦው ገጽ ቆሽሿል።

ቻምበሩ መስታወት ከሆነ ወይም ግድግዳው ከረንት በማያስተላልፍ ነገር ከተለበደ፣ ከረንቱ የሚመለስበት መንገድ የለውም። እንዲህ ሲሆን ፕሮቡ ፖዘቲቭ ሲደረግ የፕላዝማው ቮልቴጅ አብሮት ይወጣል። ሰፊ የብረት ሳህን ጨምራችሁ ለመመለሻነት ተጠቀሙ፤ ካልተቻለ ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው የሚለኩበትን ድርብ ፕሮብ ሥሩ።

በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚነዳ ፕላዝማ ከሆነ ተራ ፕሮብ አይበቃም። የፕላዝማው ቮልቴጅ በዚያው ፍጥነት ስለሚወዛወዝ ግራፉ ይደፈጠጣል፣ ሙቀቱም ከእውነተኛው በላይ ይነበባል። ከጫፉ ብዙ ሳይርቅ 13.56 እና 27.12 ሜጋኸርዝን የሚያግዱ ጥቅሎች፣ እንዲሁም በካፓሲተር ከሽቦው ጋር የተያያዘ ሰፋ ያለ አጋዥ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል።

ቦታውን መወሰን

ቻምበሩ ክፍት እያለ ፕሮቡን ማዶ ካለው ግድግዳ እስኪነካ ግፉት። መልቲሜትሩ በፕሮቡና በግድግዳው መካከል ግንኙነት ሲያሳይ ያ ዜሮ ነጥባችሁ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያለውን ንባብ መዝግቡ። ጫፉ እንዳይጣመም በዝግታ ግፉ። የታጠፈው ሽቦ በቁመት መቆሙን አይታችሁ በዘንጉ ውጫዊ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ዘንጉ ከዞረ ቫኪዩም ውስጥ ሆኖ የምታውቁበት ሌላ መንገድ የለም።

ፓምፑ ሲነሣ የውጭው አየር 6 ሚሊሜትሩን ዘንግ በ3 ኒውተን ገደማ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ካልታሰረ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። በየነጥቡ እሰሩት፤ ወደ እያንዳንዱ ነጥብም ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ቅረቡ፤ የመንቀሳቀሻው ብሎን ልቅነት ያን ጊዜ አያሳስታችሁም።

ነጥቦቹ እኩል መራራቅ የለባቸውም። ከመሀል እስከ 7 ሴንቲሜትር ድረስ በየ5 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ሚሊሜትር ይበቃል። ግድግዳውን ከሚሸፍነው ሺዝ ውስጥ ግን አትግቡ። ሺዝ ማለት ግድግዳው አጠገብ ኤሌክትሮን የጎደለበት ጨለም ያለ ስስ ንጣፍ ነው፤ እዚያ የፕሮቡ ቀመሮች ትርጉም ያጣሉ። የመጨረሻው ነጥብ ከግድግዳው 5 ሚሊሜትር ያህል የራቀ ይሁን። ከተቻለ ከመሀል ማዶም ጥቂት ነጥቦች ውሰዱ፤ ፕሮፋይሉ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ካልሆነ ወይ ፕላዝማው ራሱ ዘሟል፣ ወይ ዘንጉ እየረበሸው ነው።

ልኬቱን ማካሄድ

ቻምበሩን ከ10⁻³ ፓስካል በታች አውርዱ። አርጎኑን አስገብታችሁ ግፊቱን 1 ፓስካል ላይ አርጉ፣ ፕላዝማውን አብርታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ግድግዳው እየሞቀ ውሃና ሌላ ጋዝ ስለሚለቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወሰድ ልኬት አይደገምም።

ከዚያ ሽቦውን አጽዱ። ከፕላዝማው ቮልቴጅ በላይ ፖዘቲቭ አድርጋችሁ ኤሌክትሮኖች እንዲያግሉት ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ ቮልቴጁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሽቦው ደብዛዛ ቀይ ሲሆን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። በዚህ እፍግታ የሚሰበሰበው ከረንት ሽቦውን ለማጋል ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ −100 ቮልት አውርዳችሁ አዮኖች ለጥቂት ደቂቃ እንዲደበድቡት አድርጉ። የቆሸሸ ሽቦ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የግራፉ ጉልበት (መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ) ይሟሟል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያሉት መስመሮችም ይለያያሉ።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ብዙ ሰው ከመሀል ጀምሮ በተራ ወደ ዳር ይሄዳል። ይህ አካሄድ ጊዜን ወደ ቦታ ይቀይራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽቦው በ10 በመቶ ከቆሸሸ፣ ወይም የጋዙ ግፊት ከተንሸራተተ፣ ያ ለውጥ በሙሉ ግራፋችሁ ላይ የእፍግታ ቁልቁለት ሆኖ ይታያል፤ በኋላ የሚለየው ማንም የለም። ነጥቦቹን አዘበራርቁ፤ ለምሳሌ 0፣ 60፣ 20፣ 84፣ 40 ሚሊሜትር እያላችሁ። በየአምስት ነጥቡ ወደ መሀል ተመለሱና ያንኑ ልኬት ድገሙ። የመሀሉ ንባብ ከ3 በመቶ በላይ ከተለወጠ ቁሙ፣ አጽዱ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

በየነጥቡ በ0.2 ቮልት እርምጃ 20 ጥረጋዎች ውሰዱና አማካያቸውን አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ጋር ፕላዝማውን የሚያበራው ሰፕላይ የሚሰጠውን ቮልቴጅና ከረንት፣ እንዲሁም ግፊቱን መዝግቡ። ፕሮቡ መሀል ሲደርስ የፕላዝማው ከረንት ከተለወጠ ዘንጉ እየረበሸ ነው። ከዚህ የሚሻለው መከታተያ ግድግዳው አጠገብ የሚቆም ሁለተኛ ፕሮብ ነው። በ−50 ቮልት ላይ ይቀመጥና ዋናው ፕሮብ ሲንቀሳቀስ የእሱ ንባብ ስንት እንደተለወጠ ተመልከቱ። 10 በመቶ ከወረደ የመሀሉ እውነተኛ እፍግታ ከለካችሁት ይበልጣል፤ ሴራሚኩን አቅጥኑ።

በመጨረሻ ፕላዝማውን አጥፍታችሁ ያንኑ ጥረጋ ድገሙ። የምታገኙት ከረንት የማፍሰሻና የመሣሪያው ዜሮ ነው፤ ከሁሉም ላይ ቀንሱት።

ከግራፉ ወደ እፍግታ

ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ መጀመሪያ ትንሽ የአዮን ከረንት፣ ከዚያ ከረንቱ ዜሮ የሚሆንበት ተንሳፋፊ ቮልቴጅ፣ ከዚያ በፍጥነት የሚሽቀነጠር የኤሌክትሮን ክፍል፣ በመጨረሻ የሚተጣጠፍበት ጉልበት አለው። ጉልበቱ የፕላዝማው ቮልቴጅ ነው። በአርጎን ተንሳፋፊው ቮልቴጅ ከፕላዝማው ቮልቴጅ በሙቀቱ 5.2 እጥፍ ገደማ ዝቅ ይላል፤ በ3 ኤሌክትሮን ቮልት 15 ወይም 16 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ በጣም ከራቃችሁ ወደ ስሌት አትሂዱ፣ ሰርኪዩቱን ፈትሹ።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። የአዮኑን ክፍል ካሬ አድርጉት፤ ማለትም የከረንቱን ካሬ ከቮልቴጁ ጋር ንደፉ። ከተንሳፋፊው ቮልቴጅ በጣም ወደ ኔጋቲቭ ባለው ክፍል ቀጥ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። ያንን መስመር ወደ ቀኝ አስረዝሙና የአዮኑን ድርሻ ከጠቅላላው ከረንት ላይ አንሱ፤ የሚቀረው የኤሌክትሮኑ ከረንት ነው። የእሱን ናቹራል ሎጋሪዝም ከቮልቴጁ ጋር ስትነድፉ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ የዳገቱ ግልባጭ የኤሌክትሮኑ ሙቀት በኤሌክትሮን ቮልት ነው። መስመሩ ከረንቱ ቢያንስ 30 እጥፍ እስኪለወጥ ድረስ ቀጥ ብሎ ካልሄደ ቁጥሩን አትመኑት። ሁለት ዳገት ከታየ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ተቀላቅለዋል፤ በጋለ ሽቦ በሚነዱ ፕላዝማዎች ይህ የተለመደ ነው፤ ለሙቀቱ ወደ ጉልበቱ የቀረበውን ቁልቁል ዳገት ውሰዱ።

የፕላዝማው ቮልቴጅ ያለው የግራፉ ዳገት ከፍተኛ በሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያ ያለውን የኤሌክትሮን ከረንት በአምፔር ውሰዱና በ2.68 × 10⁻¹⁴፣ በሽቦው ስፋት በካሬ ሜትር እና በሙቀቱ ስኩዌር ሩት አካፍሉት። በእኛ ምሳሌ 1.85 ሚሊአምፔር በ2.68 × 10⁻¹⁴፣ በ3.98 × 10⁻⁶ እና በ1.73 ሲካፈል በሜትር ኩብ 10¹⁶ ይሰጣል። ይህ የመጀመሪያው እፍግታችሁ ነው።

ሁለተኛው ከአዮኑ መስመር ይመጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። በመማሪያዎች በብዛት የሚገኘው የቦም ቀመር የአዮኑን ከረንት በ1.52 × 10⁻¹⁶፣ በስፋቱና በሙቀቱ ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው (ቁጥሩ የአርጎን ነው)። ቀመሩ የሚሠራው በሽቦው ዙሪያ ያለው ሺዝ ከሽቦው ጋር ሲነጻጸር በጣም ስስ ሲሆን ነው። ይህን የሚወስነው ዲባይ ርዝመት (ፕላዝማው የሽቦውን ቮልቴጅ የሚጋርድበት ርቀት መለኪያ) ነው፤ በሜትር ለማግኘት ሙቀቱን ለእፍግታው አካፍላችሁ የድርሻውን ስኩዌር ሩት በ7430 አባዙ። ለእኛ 0.13 ሚሊሜትር ይወጣል፤ የሽቦው ግማሽ ውፍረትም 0.125 ሚሊሜትር ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሺዙ ስስ አይደለም፣ ፕሮቡ የሚሰበስበው ከሽቦው ስፋት በላይ ከሆነ ቀለበት ነው። በ31.5 ማይክሮአምፔር ላይ የቦምን ቀመር ብትጠቀሙ 3 × 10¹⁶ ታገኛላችሁ፤ ከእውነቱ ሦስት እጥፍ።

ሦስት እጥፉ በየቦታው ቢሆን ኖሮ ለመልኩ አያሳስብም ነበር። ግን አይደለም። ዳር ላይ እፍግታው ሲቀንስ ዲባይ ርዝመቱ ወደ 0.33 ሚሊሜትር ያድጋል፣ ሺዙም ይሰፋል፣ ትርፉም ይጨምራል። ውጤቱ ከእውነተኛው የተደላደለ፣ ዳሩ ያበጠ ፕሮፋይል ነው። ስለዚህ ዲባይ ርዝመቱ ከሽቦው ግማሽ ውፍረት ጋር ሲቀራረብ ወይም ሲበልጥ የካሬውን መስመር ዳገት ተጠቀሙ፦ ዳገቱን (አምፔር ካሬ በቮልት) ስኩዌር ሩት ውስጥ አስገቡ፣ በ8.92 × 10¹⁵ አባዙ፣ በስፋቱ አካፍሉ። በምሳሌው ዳገቱ 1.98 × 10⁻¹¹ ስለሆነ እፍግታው 10¹⁶ ይመጣል። ይህ ቀመር የኤሌክትሮኑን ሙቀት አይጠይቅም፤ የሙቀት ስሕተት ከቦታ ቦታ ቢለያይ እንኳ ወደ ፕሮፋይሉ አይገባም። ለዚህ ነው ለመልክ የምንመርጠው። እፍግታው 10¹⁸ ሲደርስ ግን ዲባይ ርዝመቱ 0.013 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቦም ቀመር ይቀርባል።

ሁለቱ እፍግታዎች፣ የኤሌክትሮኑና የአዮኑ፣ ቁጥራቸው በ30 በመቶ ቢለያይ አትደንግጡ። ነገር ግን ጥምርታቸውን በየቦታው ንደፉት። ጥምርታው ከመሀል እስከ ዳር ጠፍጣፋ ከሆነ መልኩ ታማኝ ነው። ከተንጋደደ አንዱ ቀመር በዚያ ክልል አይሠራም።

ማግኔቲክ ፊልድ ካለ የኤሌክትሮኑን ዘዴ ተዉት። በ100 ጋውስ የ3 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን የሚዞርበት ክብ ግማሽ ዲያሜትሩ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮኖች ወደ ሽቦው እንደ ልብ መድረስ ስለማይችሉ ጉልበቱ ላይ ያለው ከረንት ያንሳል። አዮኖቹ ግን ከባድ ስለሆኑ ብዙም አይነኩም።

ፕሮፋይሉን በራሱ መፈተሽ

የምትለኩት እያንዳንዱ ግራፍ ከእፍግታው ሌላ የፕላዝማውን ቮልቴጅም ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹ የሙቀት ሚዛን ላይ ካሉ እፍግታው ወደ ግማሽ በወረደበት ቦታ የፕላዝማው ቮልቴጅ ከመሀሉ በሙቀቱ 0.69 እጥፍ፣ ማለትም በ2.1 ቮልት ዝቅ ማለት አለበት። እፍግታው 15 በመቶ በሆነበት ደግሞ በ5.7 ቮልት። ቮልቴጁ የሚነበበው ከጉልበቱ ቦታ እንጂ ከከረንቱ መጠን ስላልሆነ፣ የስፋት ስሕተት፣ የገመድ ካፓሲታንስ፣ የሺዝ መስፋት አይነካውም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ንደፉ፤ ከተስማሙ ከዚህ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አታገኙም። እፍግታው ጠፍጣፋ ሆኖ ቮልቴጁ ከወረደ ዳሩን የሚያሳብጥ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ የሺዙን ቀመርና የጥረጋውን ፍጥነት መጀመሪያ መርምሩ።

መጠኑን ማሰር

የፕሮብ መልክ በጥቂት በመቶ ሊታመን ይችላል፤ ጠቅላላ መጠኑ ግን በቀላሉ ከ20 እስከ 50 በመቶ ይስታል። መጠኑን ለማሰር ማይክሮዌቭ ኢንተርፌሮሜትር ይረዳል። ማዕበሉ በፕላዝማው ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳየው የፌዝ ለውጥ በመንገዱ ላይ ካለው ጠቅላላ የኤሌክትሮን ብዛት ጋር ይመጣጠናል፦ በራዲያን ለማግኘት 2.82 × 10⁻¹⁵ን በማዕበሉ ርዝመት በሜትር እና በመስመሩ ድምር አባዙ። በ30 ጊጋኸርዝ (10 ሚሊሜትር ማዕበል)፣ በ20 ሴንቲሜትር መንገድ፣ አማካይ እፍግታው 6 × 10¹⁵ ቢሆን ለውጡ 0.034 ራዲያን፣ ወደ 1.9 ዲግሪ ነው። ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ፕላዝማውን አጥፉና ፌዙ ወደ ነበረበት መመለሱን በየጊዜው አረጋግጡ። በሙቀት ምክንያት የሚመጣ መንሸራተት 1 ዲግሪ ከደረሰ ልኬቱ ዋጋ የለውም። በ10 ጊጋኸርዝ ለውጡ ሦስት እጥፍ ያድጋል፤ ነገር ግን የ3 ሴንቲሜትር ማዕበል በዚህ ቻምበር ውስጥ እየተበተነ ከግድግዳ ይንጸባረቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፕሮቡን ፕሮፋይል በዲያሜትሩ ላይ ደምሩ፤ 1.2 × 10¹⁵ በካሬ ሜትር አገኛችሁ እንበል። ኢንተርፌሮሜትሩ 2.4 ዲግሪ ካነበበ ድምሩ 1.49 × 10¹⁵ ነው። ጥምርታው 1.24 ስለሆነ የፕሮፋይሉን ነጥቦች ሁሉ በ1.24 አባዙ። መልኩን ከፕሮቡ፣ መጠኑን ከማዕበሉ ወሰዳችሁ ማለት ነው። ፕሮቡ በኢንተርፌሮሜትሩ መንገድ ላይ እያለ ግን ፌዙን አታንብቡ፤ ወደ ግድግዳው ጎትቱት።

ፕሮብ ጭራሹኑ በማይገባበት ሞቃት ፕላዝማ፣ ለምሳሌ በቶካማክ (ሞቃት ፕላዝማን በማግኔቲክ ፊልድ የሚይዝ መሣሪያ) መሀል፣ ሽቦው ስለሚተን ፕሮፋይሉ ከብዙ ትይዩ የኢንተርፌሮሜትር መስመሮች ይሰላል። ክብ ፕላዝማ ከሆነ የኤብል ግልበጣ የሚባለውን ስሌት ከውጭኛው ቀለበት ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ትሠራላችሁ፤ የውጭኛው ቀለበት እፍግታ ከመጨረሻው መስመር ይወጣል፣ ከቀጣዩ መስመር ላይ የእሱ ድርሻ ይቀነሳል፣ እያለ ይቀጥላል። የዳሩ ስሕተት በየደረጃው እየተጠራቀመ መሀል ላይ ያብጣል። ስለዚህ መስመሮቹን ከማስላታችሁ በፊት ለስለስ ባለ ኩርባ አስማሙ፤ መሀል ላይ ድንገት የሚታይ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ካገኛችሁ ደግሞ ፊዚክስ ከማለታችሁ በፊት የውጭኛውን መስመር ዜሮ ደግማችሁ ለኩ።

ውጤቱን ስታስቀምጡ ከእፍግታው ጋር የሽቦውን ዲያሜትርና ርዝመት፣ ግፊቱን፣ የፕላዝማውን ከረንት፣ የተጠቀማችሁበትን ቀመር፣ የመሀሉን ተደጋጋሚ ንባቦች እና ነጥቦቹ የተወሰዱበትን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አኑሩ። ጥሬዎቹን የከረንትና የቮልቴጅ ግራፎች አትጣሉ። ቀመር ሊቀየር ይችላል፤ ያልተቀመጠ ጥሬ ልኬት ግን ተመልሶ አይሰላም።